«እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና» ከሰኞ እስከ ዓርብ

«ከአንድ ትልቅ ሪፈራል ሆስፒታል በር ፊት ለፊት ከወንድሜ ጋር ትንሽ የፎቶ ኮፒ ቤት አለን። ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ሕሙማንና አስታማሚዎች ‹ካርድ ክፍል የት ነው?›፣ ‹እስቲ ይቺን አንብቢልኝ› እያሉ ቀኑን ሙሉ ይገባሉ። እሑድ ‹እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና› የሚለውን ቃል ሰምቼ ልቤ ተነክቶ እወጣለሁ፤ ሰኞ ሲመጣ ግን ከምን እንደምጀምር ግራ ይገባኛል። ሀብታም አይደለሁም። በቅርቡ ለአንድ ሰው መድኃኒት መግዣ ብዬ 800 ብር ሰጥቼው፣ በሳምንቱ ያንኑ ወረቀት ይዞ ሌላ ሱቅ ሲለምን አየሁት። አንድ አባትን ደግሞ ‹ጌታ ኢየሱስ ይማርዎት› ብዬ ስሸኛቸው ሙስሊም ኖረዋል፤ ቅር ያላቸው መሰለኝ። ወንድሜም ‹ደንበኛ ቆሞ አንቺ መንገድ ታሳያለሽ› እያለ ይቆጣኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?» ወለተ ጊዮርጊስ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ።

እህታችን ወለተ ጊዮርጊስ፣

ደጅሽ ላይ የሚቆመው ሰው ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዞ ወይም ከሩቅ ዘመድ ቤት አድሮ፣ በማያውቀው ከተማ የማያነበውን ወረቀት ይዞ የመጣ ነው። ገንዘብም ያስፈልገው ይሆናል። በዚያች ደቂቃ የጎደለው ግን ወረቀቱን አንብቦ እውነቱን የሚነግረው ሰው ነው፤ ይህን ደግሞ አንቺ ማድረግ ትችያለሽ። ነገሩ ትንሽ ነው ተብሎ በዘፈቀደ መደረግ የለበትም። በስሕተት የተነበበ ቀጠሮ፣ በግምት የተነገረ አቅጣጫ፣ ኦፕራሲዮን ለሚገባ ሰው የተጋበዘ ሻይ፣ እነዚህ ሁሉ በቅን ልብ የሚደረጉ በደሎች ናቸው። ቅን ልቡ እንዳለሽ ከደብዳቤሽ አይተናል፤ ስለዚህ የምንጽፍልሽ በአመዛኙ ስለ አሠራሩ ነው።

ከቀጠሮ ወረቀት ጀምሪ። ከሁሉ የሚበልጠው እንግልት የሚመጣው ከእሱ ነው። በእጅ የሚጻፈው ቀጠሮ አብዛኛውን ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በኮምፒውተር ታትሞ የሚወጣው ግን በፈረንጆቹ ሊሆን ይችላል። በአኃዝ ብቻ ሲጻፉ ደግሞ አይለዩም። «20/4» የሚል ወረቀት ለአገር ቤት ተማሪ ብትሰጪው ታኅሣሥ 20 ብሎ ያነበዋል። በፈረንጆቹ ከሆነ ግን ኤፕሪል 20 ነው፤ በዚህ በ2018 ዓ.ም. ሚያዝያ 12 ላይ ይውላል። በመካከላቸው 112 ቀን አለ። ይባስ ብሎ ሁለቱም ሰኞ ላይ ስለሚውሉ፣ ዕለቱን አይቶ ስሕተቱን መያዝ አይቻልም። ሰውየው ወይ አራት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቀድሞ ይመጣል፣ ወይ ደግሞ «ቀኑ አልፎብኛል» ብሎ ተስፋ ቆርጦ ይቀራል።

መለያው ዓመተ ምሕረቱ ነው። መጨረሻው 18 ከሆነ የእኛ ነው፤ 25 ወይም 26 ከሆነ የፈረንጅ ነው። ዓመቱ ካልተጻፈ ወረቀቱ መቼ እንደተሰጠና ሐኪሙ «ከስንት ወር በኋላ ተመለስ» እንዳለ ጠይቂ፤ ከሁለቱ ጋር የሚገጥመው ቀን ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ይሆናል። ከዚህ በኋላም ከተጠራጠርሽ አትገምቺ። ወረቀቱን ወደ ሰጠው ክፍል ተመልሶ «በማን አቆጣጠር ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ምከሪው።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «8:30» የሚለው በእኛ ከሆነ ከምሳ በኋላ ነው፤ በፈረንጆቹ ከሆነ ከጠዋቱ 2:30 ነው። ቀኑን በትክክል አግኝተው በሰዓቱ የሚሳሳቱ ብዙ ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ ሲደርሱ ተረኛው ሐኪም ወጥቷል። የሚጠራጠር ሰው ጠዋት ይገኝ። ቀድሞ የደረሰ ቢበዛ ይጠብቃል።

አንብበሽ ስትጨርሺ በቃል ብቻ ነግረሽ አትሸኚው። በቁራጭ ወረቀት ላይ በትልልቅ ፊደል እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦ «ሰኞ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 2:30፣ አጥንት ሕክምና ክፍል»። በዋናው ወረቀት ላይ ምንም አትጻፊ፤ የሆስፒታሉ ሰነድ ነው። ከዚያ ለአባቶችና ለእናቶች «ሚያዝያ ሚካኤል ዕለት» በያቸው። በገጠር ቀን የሚያዘው በአኃዝ ሳይሆን በወርኃዊ በዓል ነው፦ በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔዓለም። ቀኑ በሁለት በዓላት መካከል ከዋለ «ከማርያም ማግስት» ማለት ይበቃል። ይህ ለማያውቀው ሰው የገበያ ቀኑን ጠይቀሽ «ከስንተኛው ገበያ በኋላ» ብለሽ ቁጠሪለት። ከዚያም ለአንቺ መልሶ እንዲነግርሽ አድርጊ። «ገባዎት?» ብለሽ ብትጠይቂ፣ አፍሮ «አዎ» ይልሻል፤ «እስቲ ልጅዎ መቼ ነው ብሎ ቢጠይቅዎ ምን ይሉታል?» ብትዪ ግን የያዘውንና ያልያዘውን ታውቂያለሽ።

መንገድ ማሳየትም የራሱ ዘዴ አለው። «ወደ ውስጥ ገብተው ወደ ግራ ታጥፈው ሦስተኛው ብሎክ» የሚለው አነጋገር ለጠያቂው ከአንድ መታጠፊያ በላይ አያገለግልም። ከቆማችሁበት በዓይን በሚታይ ነገር አሳዪው፦ ያ ሰማያዊ ቆርቆሮ፣ ያ ረጅም ዛፍ፣ ዘበኛው የቆመበት በር። ከዚያ በኋላ ያለውን ለዘበኛው ተዪና የክፍሉን ስም ጽፈሽ ስጪው። የክፍሉ ስም የተጻፈበት ወረቀት ያለው ሰው ማንንም መጠየቅ ይችላል፤ አማርኛ የማይችል ቢሆን እንኳ። የማታውቂውን ክፍል «እዚያ ይመስለኛል» አትበዪ። «አላውቀውም፣ መረጃ ክፍል ይጠይቁ» ማለት ያንኑ ያህል ደግነት ነው፤ የታመመ ሰው በስሕተት የሚወጣው አንድ ፎቅ ደረጃ ቀላል አይደለም።

ፎቶ ኮፒ ቤት መሆንሽ እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው። በየቀኑ የሚጠየቁሽን አሥር ያህል ቦታዎች በአንድ ገጽ ጻፊ፦ ካርድ ክፍል፣ ድንገተኛ፣ ተመላላሽ ሕክምና፣ ላቦራቶሪ፣ ራጅ፣ መድኃኒት ቤት፣ የጤና መድን ቢሮ፣ ሶሻል ወርከር፣ የደም ባንክ፣ ሽንት ቤት። ከእያንዳንዱ ጎን በየትኛው በር እንደሚገባና ምን ወረቀት እንደሚጠይቁ አክዪ። ኦሮምኛ የሚችል ሰው በሥሩ እንዲጽፍልሽ አድርጊ። አንዱን በግድግዳው ላይ ከውጭ ለጥፊ፤ የቀረውን አራት አራቱን በአንድ ኤ4 ላይ አሳንሰሽ አባዝተሽ በመቀስ ቁረጪ። ክፍሎች ቦታ ስለሚቀያይሩ በየሦስት ወሩ በእግርሽ ገብተሽ አረጋግጪ፤ ያረጀ ወረቀት ሰውን ያንከራትታል። ሽንት ቤቱን በዝርዝሩ ውስጥ ያስገባነው ሆን ብለን ነው። ሴቶች ወንድ ባለበት ሱቅ ገብተው መጠየቅ ያፍራሉ፤ ከገጠር የመጣች ነፍሰ ጡር ቀኑን ሙሉ ተቸግራ ልትውል ትችላለች። በጽሑፍ ካገኘችው አትጠይቅም።

አማርኛ ከማይችሉት ጋር ጥቂት ቃል ብዙ ይሠራል። በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» ሰላምታ ነው፣ «ኤሳ ዴምቱ» ወዴት ነው የሚሄዱት፣ «ቢሻን» ውኃ። አነጋገርሽ ቢሰባበርም ሰውየው ፊቱ ይፈታል፤ የቀረውን በምልክትና በወረቀት ትጨርሱታላችሁ።

ውኃን በተመለከተ፣ ጌታ በማቴዎስ ወንጌል 10፥42 የጠቀሰው አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ ነው። 20 ሊትር የሚይዝ፣ ከግርጌው ቧንቧ ያለው ክዳናም ጀሪካን ገዝተሽ በሱቁ ደጃፍ በጥላ ሥር አኑሪ። ውኃው የፈላ ይሁን፤ አለዚያም የውኃ ማከሚያ ክሎሪን በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምረሽ 30 ደቂቃ አቆዪው። የጋራ ኩባያ አታስቀምጪ፤ ሆስፒታል በር ላይ ሳልና ተቅማጥ ያለበት ሰው አይጠፋም። ሁሉም ሃይላንዱን ይዞ ስለሚመጣ በሃይላንዱ ይቅዳ። በጆግ መጨለፍ ቀርቶ በቧንቧው ብቻ ይቀዳ፤ የሚበከለው እጅ ሲገባበት ነውና። በሳምንት አንድ ቀን ባዶውን በሳሙና እጠቢው።

ሰው ስታበዪም ሆነ ስታጠጪ አስቀድመሽ አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ «ዛሬ ባዶ ሆድዎን እንዲመጡ ተነግሮዎታል?» ለኦፕራሲዮን የተዘጋጀ ሰው ከበላ ወይም ከጠጣ፣ በማደንዘዣ ተኝቶ ሳለ ያስመልሰውና ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ስለዚህ ሐኪሞቹ ቀጠሮውን ያዛውሩታል። ወራት ጠብቆ የደረሰበትን ተራ በአንድ ዳቦ ምክንያት ያጣል። አንዳንድ የደም ምርመራም እንዲሁ ባዶ ሆድ ይፈልጋል። የማያውቅ ከሆነ ምግቡን ጠቅልለሽ «ሲጨርሱ ይብሉት» በዪው።

የምትሰጪው ምግብ ማንም የሚበላው ዓይነት ይሁን። ሥጋ አይሁን፤ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን እርድ አይበላም፤ እምቢ ለማለት ደግሞ ሁለቱም ይሳቀቃሉ። ወተትና እንቁላል የሌለበት ዳቦ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ ድንች ረቡዕና ዓርብም በዐቢይ ጾምም አያስቸግርም። ቆሎ ጥሩ ነው፤ ጥርስ ለሌላቸው ግን ሙዙን አስቀድሚ። በረመዳን ቀን ላይ ለሙስሊም እንግዳ በጨዋ ደንብ «ለማፍጠሪያ ይያዙት» ማለት ነው። ብስኩትና ለስላሳ ለስኳር ሕመምተኛ አይሆንም። ይሁን እንጂ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላብ ካጠመቀው፣ እጁ ከተንቀጠቀጠና ንግግሩ ከተምታታ፣ ስኳሩ ወርዶበት ሊሆን ይችላል። ራሱን እስካልሳተ ድረስ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጠሽ ስጪውና ወደ ድንገተኛ ይወሰድ። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይግባ።

የሚጥል ሕመም ያለበት ሰው ደጅሽ ላይ ቢወድቅም መደረግ ያለበት ጥቂት ነው። ክብሪት ማሽተት፣ ቁልፍ ማስጨበጥ፣ በጥርሱ መካከል ማንኪያ ማስገባት አይጠቅሙም፤ ማንኪያው ጥርስ ይሰብራል። ከራሱ ሥር ነጠላ አጥፈሽ አድርጊ፣ ድንጋዩንና ወንበሩን አርቂ፣ መንቀጥቀጡ ሲያበቃ በጎኑ አስተኚው። ሕመሙ በለሐጩ አይተላለፍም፣ አትፍሪ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ተመልሶ ከመጣበት፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሰው ላኪ፤ ከሆስፒታል ራቅ ያለ ቦታ ቢሆን ደግሞ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

አሁን ወደ 800 ብሩ። የሰጠሽው ለእግዚአብሔር ነው፣ ዋጋሽም በእሱ ዘንድ ነው። ቢሆንም አታላይን ማበርታት ለአታላዩም ለሚቀጥለው እውነተኛ ችግረኛም አይበጅም፤ ስለዚህ ለመድኃኒት ጥሬ ገንዘብ አትስጪ። ማዘዣውን ተቀብለሽ ሦስት ነገር እዪበት፦ የተጻፈበትን ቀን፣ የሕመምተኛው ስም በካርዱ ላይ ካለው ጋር መግጠሙን፣ መድኃኒት ቤት አስቀድሞ ማኅተም ያደረገበት መሆኑን። ቀኑ የቆየ ከሆነ ሐኪሙ እንዲያድስለት ንገሪው። ሁሉም ደህና ከሆነ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ካለው መድኃኒት ቤት ወይም ከከነማ (ከከተማው አስተዳደር መድኃኒት ቤት) ጠይቂ፤ በአብዛኛው ከግሎቹ ይቀንሳል። ገንዘቡን ራስሽ ለካሸሯ ክፈዪ፤ ፋርማሲስቱም የሕመምተኛውን ስምና አወሳሰዱን በካርቶኑ ላይ እንዲጽፍ አድርጊ። ለእውነተኛው ሕመምተኛ ይህ እጅግ ይጠቅማል፤ ስም የተጻፈበት ካርቶን ደግሞ መልሶ ለመሸጥ አይመችም። ይህን ሁሉ ስትጠይቂ የሚቸኩልና የሚቆጣ ሰው ካጋጠመሽ «እግዜር ይስጥዎት» ብለሽ በሰላም ሸኚው።

በወር ለዚህ የምታውዪውን ገንዘብ አስቀድመሽ ወስነሽ በፖስታ ለይተሽ አስቀምጪ። ፖስታው ባዶ ሲሆን የዚያ ወር አለቀ። ከጎረቤት ተበድረሽ፣ የሱቁን ሽያጭ ነክተሽ አትስጪ። ሳትሰጪ የምታሳልፊውንም ሰው ፊቱን እዪው፤ ብዙ ጊዜ የሚያቆስለው ዞር ማለቱ ነው።

ከፖስታው ይልቅ ግን የሚበልጥ ነገር ልትሰጪ ትችያለሽ። መክፈል የማይችል ሰው ከቀበሌው ወይም ከወረዳው የነጻ ሕክምና ደብዳቤ ካመጣ ሊታከም ይችላል፤ ብዙዎች ይህን የሚሰሙት ገንዘባቸው ካለቀ በኋላ ነው። የጤና መድን አባል የሆነ ሰው ደግሞ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ካልመጣ፣ ወይም የዓመቱን መዋጮ ካላሳደሰ አገልግሎቱን አያገኝም። ስለዚህ ሰነድ ኮፒ ልታደርጊ ስትቀበዪ «የመድን መታወቂያዎ ታድሷል? ሪፈሩ አለ?» ብለሽ ጠይቂ። ደብዳቤው ከጎደለ፣ ከመመለሱ በፊት ለአገር ቤት ዘመድ ይደውልና ዘመድየው ያውጣለት። ፎቶውን በቴሌግራም መላክ ይቻላል፤ ሆስፒታሉ የታተመውን ፎቶ መቀበል አለመቀበሉን ግን ሶሻል ወርከሯ ዘንድ ገብቶ አስቀድሞ ይጠይቅ። ሪፈር ወረቀትን ሁልጊዜ በሁለት ኮፒ አድርጊለት፤ ዋናው እዚያው ፋይል ውስጥ ይቀራልና። በላስቲክ ከትተሽ ስጪው፤ ክረምት ላይ ዝናብ የበላው ወረቀት ብዙ ሰው አስለቅሷል።

ስልክ መደወል የሚፈልግ ካለ ቁጥሩን አንቺ ደውለሽ ድምፁን ወደ ውጭ አውጥተሽ አነጋግሪው፤ ስልክሽን ይዞ እንዲወጣ አያስፈልግም። ሻንጣና ገንዘብ «ያዢልኝ» ቢልሽ ግን በትሕትና እምቢ በዪ። የጠፋ ዕቃ በጎ ሥራሽን ወደ ክስ ይለውጠዋል።

ወደ እኒያ አባት እንምጣ። ቅር ያላቸው ከሆነ፣ ክፉ ስለተናገርሽ አልነበረም። ለሁሉም የሚሆን ምርቃት አማርኛ አላጣም፦ «ፈጣሪ ይማርዎት»፣ ለአስታማሚው ደግሞ «ይማርልዎት»። ሙስሊም መሆናቸውን ካወቅሽ «አላህ ያሽርዎት» ብትዪ እምነትሽ አይጎድልም፤ እሳቸው ግን ለእሳቸው እንደጸለይሽ ያውቃሉ። በዚያች ሰዓት ስብከት አትጀምሪ። ወረቀቱ በእጅሽ ያለ ሰው ከፊትሽ ተነሥቶ መሄድ አይችልም፤ መሄድ የማይችልን ሰው መስበክ ደግሞ ደግ አይደለም። «ለምን እንዲህ ታደርጊልኛለሽ?» ብሎ ከጠየቀሽ ያን ጊዜ ስለ ክርስቶስ በግልጽ ንገሪው።

«ምን ነው ያመመዎት?» ብለሽ አትጠይቂ። በወረቀቱ ላይ ብታዪውም እንዳላየሽ ሁኚ። ጠበል ሂዱ ወይም መድኃኒቱን ተዉ የሚል ምክር ከአፍሽ አይውጣ። ነፍሳቸውን ይማርና ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበል የሚጠመቁ ምእመናን የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ በአደባባይ አስተምረው ነበር፤ ለሌላውም ሕመም ይኸው ነው። ፎቶ አንሥተሽ፣ ቪዲዮ ቀድተሽ በቲክቶክ አትልቀቂ፤ የሰውየው ችግር የእሱ ነው፣ ምጽዋትሽም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 እንደተነገረው በስውር ይሁን። አንድ ነገር ደግሞ ከሙያሽ ጋር የተያያዘ፦ ተበላሽቶ የወጣ ኮፒ ላይ የሰው ስምና የምርመራ ውጤት አለ። ያ ወረቀት ወደ ቆሎና ኦቾሎኒ ሻጭ ከሄደ መጠቅለያ ሆኖ በመንደር ይዞራል። ከሱቁ ሳይወጣ ቀዳደሽ አቃጥዪው።

ወንድምሽ የሚለው እውነት አለበት። ቀኑን ሙሉ ለሁሉም ልድረስ ካልሽ ኪራዩም አይከፈልም፣ አንቺም በሁለት ወር ውስጥ ትሰለቺያለሽ፤ የሰለቸ ሰው ደግሞ እንግዳን ይቆጣል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ያለውን ሳምራዊ አስተውዪው። ቁስሉን አሰረ፣ በአህያው ጭኖ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፣ በማግሥቱ ለባለቤቱ ሁለት ዲናር ሰጥቶ ሲመለስ የጎደለውን እንደሚከፍል ነገረውና መንገዱን ሄደ። ጉዞውን አልተወም፤ የቀረውን ሥራ ለሚችለው ሰው አስረክቦ ነው የሄደው።

እንግዲህ ሰዓት ወስኑ። ካርድ ክፍል የሚጨናነቀው ጠዋት ስለሆነ ከ1:30 እስከ 3:00 ወረቀት የምታነቢው አንቺ፣ ማሽኑ ላይ የሚሆነው እሱ ይሁን። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን በግድግዳው ወረቀትና በቁራጮቹ አስተናግዱ፤ አንዱን ሰው ለመሸኘት ከሱቁ የምትወጡት ሽማግሌ ወይም ማየት የተሳነው ሲሆን ብቻ ይሁን። የወረቀቱንና የውኃውን ወጪ ከፖስታው አውጪው እንጂ ከሱቁ ሒሳብ አትቀላቅዪው፤ የወንድምሽ ቁጣ ግማሹ ከዚህ የሚመጣ ይመስለናል። ከመጀመርሽ በፊት ይህን መልስ አብራችሁ አንብቡት፤ ሰዓቱን እሱ ይምረጥ።